ሙቀቱስ እንዴት ነው?

አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ራሱን ከመስኮቱ መስታወት አስደግፏል። በዚያ ሁሉ የቆላ ሙቀት ጥርሱ ይንገጫገጫል። ወባ ይዞታል። ጥቅምት 1988 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። እኔ የ19 ዓመት ልጅ ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ስድስት ወሬ ቢሆንም በረዳትነት ግን ከእሱ ሥር ሁለት ክረምት አሳልፌያለሁ። ከቆቦ አዲስ ጤፍ ጭነን ወደ ደሴ ልንነሳ ስንል ቁልፉን ሰጠኝና ዞሮ በእኔ ቦታ ተቀመጠ። እዚያ ወንበር ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ከቆቦ እስከ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ወደ ደቡብ ለሚነዳ ሰው በስተግራ የዞብል ተራራ፣ በስተቀኝ ደግሞ የደጋው ግድግዳ አብሮት ይሄዳል፤ መሃሉ የራያ ሜዳ ነው። ክረምት ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው እየጠለፈ ማሳው ላይ ያሳድረዋል። ጥቅምት ላይ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ራሱን ከብዶት ያጎነብሳል። በየማሳው ማማ ተሠርቶ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ግሪሳ ይጠብቃሉ፤ የጅራፉና የጩኸቱ ድምፅ የሞተር ድምፅ አልፎ ይሰማል። እኔ ራያን የማስበው ሁልጊዜ በዚያ ድምፅ ነው።

ሮቢትን እንዳለፍን ክሩስኮቶው ላይ አንዲት ቀይ መብራት በራች። ባትሪ የተሣለባት።

«ጋሼ፣ የባትሪዋ መብራት በራች።»

ዓይኑን አልገለጠም። «ሙቀቱስ እንዴት ነው?»

«መሃል ላይ ነው።»

«ፍሬኑን እስቲ ንካው። ደነደነብህ?»

«ኧረ እንደ ወትሮው ነው።»

«እንግዲያ ቺንጋው አለ። ሞተሩን እንዳታጠፋ። ሬዲዮኑን ዝጋ፤ መብራትም እንዳታበራ።»

ትኩሳት ላይ ያለ ሰው በተጨፈነ ዓይኑ ይህን ሁሉ ማየቱ ያኔ እንደ ተአምር ነበር የታየኝ። ዛሬ ምን እንዳደረገ አውቃለሁ። የእኛ መኪና የናፍጣ ቶዮታ ፒክአፕ ነበረች። ሞተሩ የሚያዞረው ቺንጋ ዲናሞውን ያዞራል፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋንና ውሃውን የሚገፋውን ፓምፕም ያዞራል። ለፍሬኑ ጉልበት የሚሰጠው የአየር መሳቢያ ፓምፕ ደግሞ ከዲናሞው ጀርባ ተጣብቆ አብሮ ይዞራል። ቺንጋው ቢበጠስ ኖሮ ቀይዋ መብራት ብቻዋን አትመጣም፤ የሙቀቱ ቀስት ወደ ላይ ይወጣል፣ ፍሬኑም እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። እንዲህ ከሆነ እዚያው መቆም ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ልጨምር ያለ ሰው ቴስታታውን ያቃጥላል። ሙቀቱና ፍሬኑ ደህና ከሆኑ ግን ችግሩ ከዲናሞው፣ ከሽቦው ወይም ከባትሪው ማሰሪያ ነው፤ ባትሪው ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ መሄድ ይቻላል። ናፍጣ መኪና አንዴ ከተነሳች ብዙ ኤሌክትሪክ አትጠይቅም፤ ናፍጣውን ከፍታ የምትይዘው ትንሽ ቫልቭ ብቻ ናት የምትፈልገው። ብዙ የሚበላው የፊት መብራት ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ወደ 10 አምፔር ይጠጋሉ።

በሁለት ጥያቄ የጨረሰው ይህን ነበር።

ከዚያ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ «ባትሪው አልነበረም» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝና ሆዴን አመመኝ። ልክ ከሳምንት በፊት ደሴ ላይ ይህችው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀምራ ነበር። አንድ ባትሪ ሻጭ ዘንድ ወሰድናት። ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ ሁለቱን ጫፎች በሽቦ አነካክቶ የወጣውን ብልጭታ አሳየንና «ይሄማ ሞቷል፤ አዲስ ግዙ» አለን። አጎቴ የዚያን ወር ትርፍ አውጥቶ አዲስ ባትሪ ገዛ። መብራቷ ጠፋች። አሮጌውን ሻጩ በርካሽ ልውሰደው ሲል አጎቴ እምቢ ብሎ ቤት አስቀመጠው። አሁን እዚህ ሜዳ መሃል መብራቷ ተመልሳ መጣች፤ የወሩ ትርፍ በከንቱ መሄዱንም ነገረችን።

ያ ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሚቆጨኝ ለአጎቴ ብቻ አይደለም፤ ይኸው ነገር አሁንም በየከተማው በየቀኑ ይደረጋል። መብራቷ ላይ የተሣለው ባትሪ ስለሆነ ሰው የታመመው ባትሪው ይመስለዋል። መብራቷ ግን የምትናገረው ስለ መጋቢው ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች አንደኛው ጫፏ ከባትሪው፣ ሌላኛው ከዲናሞው ጋር የተያያዘ ነው። ቁልፍ ስትከፍት ባትሪው አለ፣ ዲናሞው ግን ገና አልዞረም፤ ስለዚህ ትበራለች። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ከባትሪው ጋር ሲስተካከል በሁለቱ ጫፎቿ መካከል ልዩነት ስለማይኖር ትጠፋለች። እየነዳህ ከበራች ዲናሞው ከባትሪው አንሷል ማለት ነው። ቁልፍ ሲከፈት ጭራሽ የማትበራ ከሆነ ደግሞ አምፖሏ ተቃጥላ ይሆናልና አስቀይሩ፤ ያለ እሷ ዲናሞው ቢሞትም የሚነግር የለም።

ፀሐይ ወደ ደጋው ግድግዳ እየተጠጋች ነው። «ወልድያ አንደርስም» አለ አጎቴ። «ዳገቱን በጨለማ ያለ መብራት አንወጣም። ቁልቁለት ፈልግና አቁም።»

ራያ ሜዳ ላይ ቁልቁለት ፈልግ! ያ ሜዳ ስንት ጊዜ አልፌበት ምን ያህል ጠፍጣፋ እንደሆነ ልብ ያልኩት ያን ቀን ነው። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሞተሩ ከጠፋ ሞተሪኖውን የሚያዞር ኃይል የለም፤ የምትነሳው ተንከባልላ ብቻ ነው። በመጨረሻ መንገዱ ወደ አንድ ወንዝ ዳር የሚያዘቀዝቅበት ስፍራ ደረስን፤ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ ጎማዋን በድንጋይ ደገፍኩ። ከማቆሜ በፊት መብራቱን አብርተን ሞከርነው፤ የወጣው ብርሃን ከኩራዝ አይሻልም። አዲሱ ባትሪ በሳምንቱ ተመጥጦ አልቋል።

ሞተሩን አጥፍቼ ኮፈኑን አነሳሁ። አጎቴ ከወንበሩ ሳይነሳ ያዘኛል፤ እኔ እጁ ነኝ።

«ቺንጋውን በአውራ ጣትህ ተጫነው። ምን ያህል ገባ?»

«የጣቴን ወርድ ያህል።»

«ደህና ነው። ማሰሪያዎቹን ነቅንቅ።»

አንደኛው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ጋግሯል። በውሃና በጨርቅ አጠብኩት፣ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጌ አጠበቅሁት።

«አሁን ቁልፉን ክፈት፤ ሞተሩን ግን አታስነሳ። ካቻቢቴውን ከዲናሞው ዘንግ ጫፍ አስጠጋ። ይስብሃል?»

አስጠጋሁት። ብረቱ እንደ ማንኛውም ብረት ነው፤ ካቻቢቴው እጄ ላይ ቀዝቅዞ ቆመ።

«አልሳበኝም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ሆዱ ውስጥ ነው» አለና ጋቢውን መልሶ ተከናነበ።

ይህን ፈተና ከእሱ በስተቀር ሲያደርገው ያየሁት ሰው ጥቂት ነው፤ ጽፌ ላቆየው የፈለግሁትም ስለዚህ ነው። ዲናሞ ኤሌክትሪክ የሚሠራው መሃሉ ላይ የሚዞረው ጥቅል ማግኔት ሲሆን ነው፤ ማግኔት የሚሆነው ደግሞ ከባትሪው ትንሽ ኃይል በሁለት ካርቦኖች በኩል ሲደርሰው። ቁልፉ ተከፍቶ ዘንጉ ብረት የማይስብ ከሆነ ያ ትንሽ ኃይል አልደረሰም። ወይ ካርቦኑ አልቋል፣ ወይ ሬጉሌተሩ ሞቷል፣ ወይ ወደዚያ የሚሄደው ሽቦ ተቆርጧል። ቴስተር በሌለበት አንድ ካቻቢቴ ይህን ያህል ይናገራል። ሞተሩ እየዞረ ግን እጅ ወደዚያ አይሰደድም፤ ቺንጋ ጣት ይበላል።

ቃሎቹ ራሳቸው የመንገዱ ልጆች ናቸው። ቺንጋ፣ ካቻቢቴ፣ ሞተሪኖ፣ ፒንሳ፣ ኮፈን፣ ክሩስኮቶ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የቀሩ ናቸው። ከአስመራ ተነስቶ በማይጨው፣ በቆቦና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን የመኪና መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲያስጠርጉ የጋራዡ ቋንቋም አብሮ ገባ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ ቺንጋ ግን ቀረ። አጎቴ ጣሊያንኛ አያውቅም፤ እነዚህን ቃላት የተማረው ከሾፌሮች ነው፤ ሾፌሮቹም ከሾፌሮች።

አንድ ልጅ ከማማው ወርዶ ወንጭፉን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣና መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ከዚያ አጎቴን አየ።

«ሁለታቸውንም ነው ወባ የያዛቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሮጦ አባቱን ጠራ። አባቱ ሽመሉን በትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሽርጡን እንዳሸረጠ መጣ፤ ገና ሳይደርስ «አብሽሩ! አብሽሩ!» እያለ ነበር። የማን ልጅ ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ አላለም። አጎቴን በእቅፉ ደግፎ አወረደው። «አንቱ ቤት ይግቡ፤ ጤፉን ልጆቼ ይጠብቁታል፤ እህልም እንግዳ ነው፤ ይታደርለታል» አለ። ሁለት ጎረምሶች ከነሽመላቸው ጭነቱ ላይ አደሩ።

ከዚያ ሌሊት የማስታውሰው ብዙ ነው፤ ሁሉንም ግን አልጽፈውም። የማሽላ እንጀራ በእርጎ በላን። የቤቱ እመቤት ፌጦ በሎሚ አሽታ ለአጎቴ ሰጠችው፤ እግሩን በሙቅ ውሃ አጠበችለት። ልጁ ጥንቅሽ እየላጠ አቀበለኝ፤ ያን ጣፋጭ ውሃ እየመጠጥኩ በኩራዙ ብርሃን ዲናሞ ምን እንደሆነ ላስረዳው ሞከርኩ። እኔ ራሴ በቅጡ አላውቀውም ነበር። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሬዲዮ በጨርቅ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ድንጋዩ አልቆ ከበልግ ጀምሮ ዝም ማለቱን አባትየው ነገረን።

ሌሊቱን አጎቴ ላብ አላበውና ትኩሳቱ በረድ አለ። «ዳንክ?» ብለው «አይ» አለኝ። «ትኩሳቱ ነው የወረደ። በሽታው ደሜ ውስጥ አለ፤ ነገ መልሶ ይመጣል። አንተም ያኔ ባትሪ ስንገዛ ደስ ብሎህ ነበር፤ እኔም እንደዚያው።»

በነጋታው መንደሩ ተሰብስቦ ገፋን። መኪናዋ ተንከባለለች፤ ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ ከትቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅቅ ሞተሩ ተነሳ። ቀይዋ መብራት ግን እንደበራች ናት። አጎቴ የመዶሻውን የእንጨት እጀታ ሰጠኝና «የዲናሞውን ገላ ቀስ ብለህ ምታው፤ እንዳትሰብረው» አለኝ። ሦስቴ ነካ ነካ ሳደርገው መብራቷ ጠፋች! ልጆቹ ጮሁ። ያለቀ ካርቦን ሲንቀጠቀጥ ለጊዜው ቀለበቱን ይነካል። እንዲህ እየጠፋችና እየበራች፣ እኔም በየመንገዱ እየወረድኩ እያንኳኳሁ ወደ ቆቦ ተመለስን።

ቆቦ ስንገባ አጎቴን መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ በዚያ ዘመን ክሎሮኪን ነበር የሚሰጠው። መኪናዋን ደግሞ ከአውራ ጎዳናው ዳር ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ለሚሠራ የእኔ እኩያ ለሆነ ኤሌክትሪሺያን አሳየሁት። ይህ ልጅ ብዙ አልተናገረም። ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርጎ 11.8 አለኝ። ሙሉ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራና ዲናሞው ደህና ሲሆን ከ13.8 እስከ 14.4 ድረስ መሆን አለበት። አሁን ሞተሩ እየሠራም ያው 11.8 ነው፤ አንዲት ነጥብ አልጨመረም። ዲናሞውን ፈታው። ካርቦኖቹ ከጥፍሬ ቁመት ያነሱ ሆነው ወጡ፤ አንደኛው ቀለበቱን የሚነካው ሲያሻው ብቻ ነበር።

የእኛን የሚመስል ካርቦን ቆቦ ውስጥ አልተገኘም። ልጁ ከሌላ መኪና የሞተ ዲናሞ ውስጥ ተለቅ ያሉ ሁለት ካርቦኖች አውጥቶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ጀመረ። ትንሽ ይሞርዳል፣ ቤቱ ውስጥ ይሞክረዋል፣ ያወጣዋል፣ እንደገና ይሞርዳል። በጎኑ ሳይላወስ፣ ወደ ፊት ደግሞ ስፕሪንጉ ሲገፋው ሳይይዘው መንሸራተት አለበት። ጫፉን በስታኞ በየደው፤ የዲናሞውን ቀለበቶች እስኪያበሩ አጸዳ። ቀኑ ተጋመሰ። እኔ ቁጢጥ ብዬ አጠገቡ ተቀምጬ ጣቶቹን አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ትልልቅ ጋራዦች ገብቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ትዕግሥት ግን ሁለተኛ አላየሁም።

ባትሪውን ሞልቶ መኪናዋን ሲያስነሳት ቴስተሩ 13.9 አለ። መብራቷ ጠፋች። የፊት መብራቱን፣ ዝናብ መጥረጊያውን፣ ሬዲዮኑን ሁሉ ከፍቶ እንደገና ለካ፤ 13.7። «አንቱ ይሂዱ» አለው ከጤና ጣቢያ ለተመለሰው አጎቴ። የጠየቀው ዋጋ ከባትሪው ዋጋ አጠገብ የማይጠራ ነበር። አጎቴ እጥፍ ከፈለው፤ ልጁ ትርፉን መለሰለት፤ ሲገፋፉ ቆዩና ግማሹን ተቀበለ።

አጎቴ አሁን የለም። ባለፈው ዓመት እኔው ብቻዬን በሌላ መኪና፣ በቤንዚን ሞተር፣ ከዋጃ ወደ ቆቦ ስነዳ ያች መብራት በራችብኝ። ባዶ መኪና ውስጥ ድምፄን አውጥቼ «ሙቀቱስ እንዴት ነው?» አልኩ። ቀስቱ እየወጣ ነበር። ወዲያው ዳር ይዤ አቆምኩ፤ ቺንጋው ተበጥሶ ከሥር ተንጠልጥሏል። ትርፍ ስለያዝኩ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀየርኩት። ሳልጠይቅ ቆቦ ድረስ ነድቼ ቢሆን ሞተር ነበር የምገዛው።

ሌላም ነገር ልበል። ቆላ ባትሪ ይገድላል። ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ሥራ ያፋጥነዋል፣ ውሃውን ያተነዋል፤ ደጋ ላይ አራት ዓመት የሚኖር ባትሪ ቆላ ላይ ሁለት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ባትሪው ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የሚፈረድበት ግን ዲናሞው ከተለካ በኋላ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ወጣቶች «ይሄ የድሮ ወሬ ነው» ይሉኛል። አይደለም። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ዲናሞ ስለሌላቸው የሚመግባት ከትልቁ ባትሪ ቀንሶ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ለእሷም ቀይ መብራት ስትበራ መጀመሪያ የሚታየው መጋቢው ነው።

ወደ ቆቦ የምትወርዱ ሾፌሮች፣ ትርፍ ቺንጋና የሚፈታበትን ቁልፍ ያዙ። ቀይዋ ስትበራ ከሁሉ በፊት የሙቀቱን ቀስት እዩ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሞተሩ እየሠራ ቮልቱን አስለኩ።

ያ ደሴ ላይ «ሞቷል» የተባለውን ባትሪ አጎቴ ወባው እንደለቀቀው ቻርጅ አስደረገው። በኅዳር ወደ ቆቦ ስንመለስ ተሸክሞ እዚያ ባለማማው ልጅ ቤት ገባና ከሬዲዮው ጋር አያይዞ ሰጣቸው። ኃይሉ ሲያልቅ ስናልፍ እንወስደውና ሞልተን እንመልሰው ነበር። እስከ 1991 ዓ.ም. ድረስ ሠራ።